ሬይልስ 7 ላይ ምስሎቹ ከጠፉ መጀመሪያ ማንም «ሴቭ» እንዳይነካ

ሰላም ወንድሜ። «ሩቢ ኦን ሬይልስን (ድረ ገጻችን የተሠራበትን የፕሮግራም ማዕቀፍ) ከ6.1 ወደ 7.0 አሳድገን፣ ጽሑፎች ውስጥ የገቡት የድሮ ምስሎች በሙሉ ተሰብረው ነው የሚታዩት፤ አዲስ የምንጭናቸው ግን ይሠራሉ» ብለሃል። የእኛም ጉድ ይኸው ነበር፤ ያንተ ሌላ ነው ብዬ አላስብም።

ሌላው ሁሉ ይቆይ። አሁኑኑ ለአዘጋጆቹ ደውልና ከአፕግሬዱ በፊት የተጻፈ ጽሑፍ ከፍተው ሴቭ እንዳያደርጉ ንገራቸው። ከቻልክ የማረሚያ ገጹን ለጊዜው ዝጋው። ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ፤ አንብበህ እስክትጨርስ ግን አትጠብቅ።

1. ብራውዘሩ ላይ የኔትወርክ መስኮቱን ክፈትና የተሰበረው ምስል ምን መልስ እንዳመጣ እይ። 404 (አልተገኘም) ከሆነ በሽታችን አንድ ነው። 500 (የሰርቨር ስህተት) ከሆነ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሂድ፤ የ7.0 ዲፎልት ምስል የሚያሳንሰው ቪፕስ በሚባል የምስል ፕሮግራም ስለሆነ ላይብረሪው ሊብቪፕስ ሰርቨሩ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። ሌላም ምልክት አለ። ፒዲኤፍ የተያያዘበት የድሮ ጽሑፍ ካላችሁ በፋይሉ ቦታ ☒ ብቻ ታያለህ።

2. ምክንያቱ ፊርማ ነው። አክሽን ቴክስት (ምስል ያለበትን ጽሑፍ የሚይዘው የሬይልስ ክፍል) ምስሉን ራሱን ጽሑፉ ውስጥ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ኤስጂአይዲ የሚባል የተፈረመ መለያ ነው። የሚፈረምበት ቁልፍ ደግሞ ከሲክሬት ኪ ቤዝ (ከአፕሊኬሽኑ ዋና ምስጢር) ይወጣል። እስከ 6.1 ድረስ ቁልፉ ሻ1 (SHA1) በሚባል የሃሽ ስሌት ነበር የሚወጣው። «ሎድ ዲፎልትስ» (የየትኛው ቨርዥን ዲፎልት እንደሚሠራ የሚወስነው የኮንፊግ መስመር) 7.0 ሲሆን ወደ ሻ256 ይዞራል። ደብዳቤው ያው ነው፤ ማኅተሙ ስለተቀየረ ብቻ ዘበኛው አላስገባም ይላል። ሬይልስ መለያው እምቢ ሲለው እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ያለውን የምስሉን አድራሻ ይሞክራል፤ እሱም በአሮጌው ቁልፍ የተፈረመ ነው። 404 የምታየው ለዚህ ነው።

ለውጡ በአፕግሬድ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ግን ጎልቶ የሚነሳው ኩኪ ስለሆነ ሰው «ተጠቃሚው እንደገና ሎግኢን ያድርግ፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ያልፈዋል።

ምስሎቹ እንዳልጠፉ በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ከዳታቤዙ አንድ የድሮ ኤስጂአይዲ ቅዳ። ከሁለቱ ሰረዝ በፊት ያለውን ክፍል በቤዝ64 ፍታው። ውስጡ «አክቲቭ ስቶሬጅ ብሎብ» (የአንድ ፋይል የዳታቤዝ መዝገብ) ከነቁጥሩ ተጽፎ ታገኘዋለህ። መለያው የተፈረመ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም። እኔ ይህን ሳይ ነው ልቤ መለስ ያለው።

3. ወደ መፍትሄው ልገባ ነበር፤ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ምስሎቹ ሲጠፉ መጀመሪያ የሄድነው ሰርቨር ወደተከራየንበት ድርጅት ነበር። «ፋይሎቹ አሉ፣ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው» ብለው ትኬቱን ዘጉት። እውነታቸውን ነው፣ ፋይሎቹ ነበሩ፤ ግን ሰው እንደዚያ አይመለስም። ቀጥሎ አፕግሬዱን የሠራልን የኮንትራት ባለሙያ ተጠራ። ገና ስክሪኑን ሳያይ «የካሽ (ለፍጥነት የተቀመጠ የገጽ ቅጂ) ጉዳይ ነው። አዘጋጆቹ ጽሑፎቹን እየከፈቱ ሴቭ ያድርጉ፣ ራሱ ይስተካከላል» አለ። ቆይ፣ መጀመሪያ ኮዱን ልየው ስል «አንተ የፍሮንት ኤንድ ሰው አይደለህ እንዴ?» አለኝ። በስብሰባ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አዘጋጆቹም የተባሉትን አደረጉ።

አሁን ሴቭ ሲደረግ የሚሆነውን ተመልከት። አክሽን ቴክስት ጽሑፉን ያነብና የሚያውቃቸውን ምስሎች ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ «ኤምቤድስ» የሚባለውን ዝርዝር በዚያው ይተካል። ፊርማው አልሠራም ካለ የሚያውቀው ምስል የለም፤ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ ሲሆን ምስሉ ከጽሑፉ ይነቀላል። የተነቀለ ምስል ደግሞ ከጀርባ በሚሠራ ጆብ ከነፋይሉ ይሰረዛል። የማሳያ ችግር ብቻ የነበረው ነገር በአንድ ሴቭ እውነተኛ መጥፋት ሆነ ማለት ነው።

ሎጉን ስከፍት «ፐርጅ ጆብ» (ፋይሉን የሚሰርዘው ጆብ) የሚል መስመር ከላይ እስከታች ተደርድሯል። ማንንም ሳላስፈቅድ ሳይድኪክን (የጀርባ ጆቦቹን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ቀጥ አደረግኩት። ወረፋ ላይ የነበሩት በዚያው ተረፉ። ቀድመው የተሰረዙትንም መለስን፤ ምክንያቱም ስቶሬጁ ላይ ቨርዥኒንግ (የተሰረዘ ፋይልን ቅጂ የሚያቆየው ቅንብር) በርቶ ነበር። ያስበራሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ «ለምን ገንዘብ ታባክናለህ» ተብዬበታለሁ። የተሰረዙትን ፋይሎች ስም ከዳታቤዝ ባክአፑ አወጣን፣ በዚያ ፋይሎቹን ከስቶሬጁ መለስን፣ ቀጥለን ረድፎቹን። ባለሙያው እስከ ዛሬ «የካሽ ጉዳይ ነበር» እንደሚል እሰማለሁ።

እሺ፣ መፍትሄው። ከአፕግሬዱ በኋላ ምስል ያለው አዲስ ጽሑፍ ካልተጻፈ ቀላል ነው። ኮንፊግ ውስጥ ያለውን የአፕሊኬሽን ፋይል ክፈት። ከ«ሎድ ዲፎልትስ» መስመር በታች «ኪ ጄኔሬተር ሃሽ ዳይጀስት ክላስ» የሚለውን በሻ1 አድርገውና ሰርቨሩን እንደገና አስነሳ። ምስሎቹ ወዲያው ይመለሳሉ። ከዚያ በሻ256 ቁልፍ የተሠሩት ኩኪዎች ስለማይሠሩ ሰዎች እንደገና ሎግኢን ይጠየቃሉ፤ እሱን ቻለው።

አንተ ግን «አዲሶቹ ይሠራሉ» ስላልክ ይህ አያዋጣህም። ወደ ሻ1 ብትመልሰው አሮጌዎቹ መጥተው አዲሶቹ ይሰበራሉ። ያለህ መንገድ አሮጌዎቹን እንደገና መፈረም ነው። ባክአፕ ውሰድ። ከዚያ በሻ1 የአሮጌውን ቁልፍ የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍ፤ በእሱ እያንዳንዱን የድሮ ኤስጂአይዲ አንብብ፣ ብሎቡን አግኝ፣ በአዲሱ ቁልፍ የተፈረመ መለያ ተካለት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ኪ ጄኔሬተርን (ቁልፉን የሚያወጣውን የሬይልስ ክፍል) በቀጥታ ስትጠራው ዲፎልቱ ስሌቱን 65,536 ዙር መደጋገም ነው። ሬይልስ ለአፕሊኬሽኑ የሚጠቀመው ግን 1,000 ዙር ነው። 1,000 ብለህ ካልነገርከው ሻ1 ብትለውም አንድ ፊርማ አያልፍም።

ስትጽፍ ደግሞ ተራውን ሴቭ አትጠቀም፤ ኮልባክ (ሴቭ ሲደረግ ራሱ የሚሠራ ኮድ) በማያስነሳው «አፕዴት ኮለም» ጻፈው። እንዲህ ካደረግክ «ኤምቤድስ»ን የሚነካው የለም። አንድ ጣጣ ግን አለው። የተሻሻለበት ሰዓት ስለማይቀየር ካሽ የተደረጉት ገጾች የተሰበረውን ምስል ማሳየታቸውን ይቀጥላሉ። ካሹን የምታጸዳው ያኔ ነው፣ በፊት አይደለም።

መጀመሪያ በአንድ ጽሑፍ ሞክረው። 1,000ውን አስገብተህም አንድ መለያ እንኳ አላነበበልህም እንበል። ያኔ ሲክሬት ኪ ቤዙን ተጠራጠር፤ ከአፕግሬዱ ጋር አብሮ አዲስ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የድሮውን ከአሮጌው ሰርቨር ኮንፊግ ፈልግና ስክሪፕቱ ውስጥ እሱን አስገባ። አሮጌውን ሰርቨር ገና ካልዘጋችሁት እንዳትዘጉት።