ተረት የተወው የልጆች ቴአትር፦ ስለ በርሊኑ ግሪፕስ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ልጆች ቴአትር ስንከራከር ግሪፕስ የሚባለውን የበርሊን የልጆች ቴአትር ቤት ሳነሳ "እስቲ ሰፋ አድርገው ያጫውቱን" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እነሆ ቁጭ ብያለሁ፤ ጠይቁኝ። በርሊን ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ልጆቼንም በዚያ ቤት ወንበር ላይ አሳደግኳቸው ማለት ይቻላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ (መምህር ነኝ፣ ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ከሥሩ ይጀምሩልን። ማን መሠረተው? መቼ?

መልስ፦ 1966፣ ምዕራብ በርሊን። ከተማዋ ገና በግንብ የታጠረችበት ጊዜ ነው። ፎልከር ሉድቪግ የሚባል ደራሲ "ራይክስካባሬት" የተሰኘ የፖለቲካ ስላቅ መድረክ ነበረው። ማታ አዋቂዎች ፖለቲከኞችን እየተቹ በሚስቁበት ቤት ቀን ለልጆች ቴአትር ይታይ ጀመር። 1969 ላይ ሉድቪግ ከወንድሙ ከካርቱን ሠዓሊው ራይነር ሃህፌልድ ጋር "ሽቶከርሎክና ሚሊፒሊ" የሚባለውን ጻፉና የበርሊንን የወንድማማቾች ግሪም ሽልማት አገኙበት። ነገሩ ያስቃል፤ በተረት ሰብሳቢዎቹ ስም የተሰየመውን ሽልማት የወሰደው ቤት ተረትን እርግፍ አድርጎ ተወ። "ግሪፕስ" የሚለው ስም የወጣው 1972 ነው። 1974 ላይ ሃንዛፕላትስ ወዳለ የቀድሞ ሲኒማ ቤት ገቡ፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው። ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ብቅ ስትል በሩ ላይ ነህ።

ጥያቄ (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ተረት ምን በደላቸው? እኔ ልጆቼን ያሳደግኳቸው በተረት ነው፤ እኔም ያደግኩት በአያቴ ተረት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ለልጆቼም ማታ ማታ የጦጣና የጅቡን አውርቻለሁ። የእነ ሉድቪግ ጠብ ከተረት ጋር ሳይሆን በዚያ ዘመን ለጀርመን ልጆች ይቀርብ ከነበረው ቴአትር ጋር ነው። የገና በዓል ሲደርስ ልዑልና ጠንቋይ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ልጁ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ግን ማንም አያነሳለትም። እነሱ ያነሱት ይህንኑ ነው። "ማኖማን" የሚለውን የ1972ቱን ተውኔት ይመልከቱ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አዲስ ባል ታገባለች። ሥራ ቦታ አለቃ የሚረግጠው ሰውዬ ቤት ሲገባ ራሱ አለቃ ይሆናል። ልጆቹ ግን ጠንቋይም ልዑልም ሳይጠብቁ ነገሩን ራሳቸው ያዩታል፣ ይጠይቁታል፣ ይጋፈጡታል። በቀጣዩ ዓመት "ድግስ በፓፓዳኪስ ቤት" መጣ፤ አንድ የጀርመን ቤተሰብና ሠራተኛ ሆኖ የመጣ የግሪክ ቤተሰብ ለሽርሽር ድንኳን በሚተከልበት ቦታ ይጋጫሉ። አባቶቹ ሲኮራረፉ ልጆቹ ይግባባሉ። ያኔ ጀርመን ውስጥ ስለ "እንግዳ ሠራተኛ" ልጆች መድረክ ላይ መናገር እንደዛሬው የተለመደ አልነበረም።

ጥያቄ፦ የሚተውኑት ልጆች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ሙያተኛ ተዋናዮች ናቸው፤ የሰባት ዓመት ልጅ የሚሆነው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አጨዋወቱ ላይ ነው። ድምፅ አያቀጥኑም፣ አይኮላተፉም፣ ጣት አይጠቡም። ልጁ የሚፈልገውን ነገር አጥብቀው ይይዙና እሱን ይከተላሉ፤ ትንሽ ቆይተህ ዕድሜያቸውን ትረሳዋለህ። ተመልካቹም በሦስት ጎን ከብቦ ስለሚቀመጥ ማስመሰል ወዲያው ይታወቃል። የልጅ ተመልካች ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ሲሰለቸው ጫማውን መፍታት ይጀምራል። በብዙዎቹ ሥራዎች ዘፈን አለ። የአብዛኞቹን የጥንቶቹን ዜማ የሠራው ቢርገር ሃይማን ነው፤ 2012 ላይ አርፏል።

ጥያቄ (ቴአትር ተማሪ፣ አዲስ አበባ)፦ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው መንግሥት ዝም አላቸው?

መልስ፦ ዝም አላላቸውም፣ አልዘጋቸውምም። በ1970ዎቹ የወግ አጥባቂው ፓርቲ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ሰዎችና የሽፕሪንገር አሳታሚ ኩባንያ ጋዜጦች "ልጆችን ኮሚኒስት እያደረጉ ነው" ብለው ዘመቱባቸው። የምዕራብ በርሊንን ሁኔታ አስበው፤ ግንቡ ማዶ እውነተኛው ኮሚኒስት ተቀምጧል። ስለዚህ ክሱ ቀላል አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይዘው እንዳይሄዱ የሚደረገውም ግፊት ዋና ጉዳት ነበር፤ የልጆች ቴአትር ጠዋት ጠዋት የሚሞላው በመምህራን ነውና። ያተረፋቸው በእኔ እይታ ጥበቃ ሳይሆን ሳቅ ነው። ተውኔቶቹ ስብከት ቢሆኑ ኖሮ በሁለት ዓመት ይሞቱ ነበር። በእርግጥ የዚያ ዘመን አንዳንድ ሥራዎቻቸው ዛሬ ሲነበቡ መፈክር መፈክር ይሸታሉ፤ ያንን አልክድም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ "ሊኒ አይንስ" የሚባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሁሉም ያወራለታል። ይህን ያህል ምን አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። "መስመር 1" እንበለው፤ የምድር ባቡር መስመር ነው። መጀመሪያ የታየው ሚያዝያ 30 ቀን 1986 ነው። ድርሰቱ የሉድቪግ፣ ሙዚቃው የሃይማን፣ ዝግጅቱ የቮልፍጋንግ ኮልኔደር።

ታሪኩ ይኸው፦ ከምዕራብ ጀርመን ገጠር የጠፋች ልጅ ከጠዋቱ 6፡14፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12፡14፣ በርሊን ዙ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች። የምትፈልገው አንድ የሮክ ዘፋኝ ነው፤ አታሎ ተስፋ ሰጥቷታል። ክሮይትስበርግ የሚባለው ሰፈር ለመድረስ መስመር 1 ላይ ትሳፈራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ባቡሩና ጣቢያው ነው። ሥራ አጡ፣ ሱሰኛው፣ ትኬት ተቆጣጣሪው፣ ከአልጋው በግድ ተነስቶ ወደ ሥራ የሚሄደው፣ ማንንም ላለማየት ጋዜጣ ውስጥ የተደበቀው። ጥቂት ተዋናዮች ልብስ እየቀያየሩ ያን ሁሉ ሰው ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚታወሰው የቪልመርስዶርፍ ሰፈር መበለቶች ትዕይንት ነው። የናዚ ሹማምንት ሚስቶች የነበሩ አራት አሮጊቶች በባሎቻቸው ጡረታ ተመቻችተው እየኖሩ ስለ ድሮው "ሥርዓት" ይቆጫሉ። አራቱንም የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ ኮፍያ፣ ካፖርት፣ ቦርሳ አንጠልጥለው ሲገቡ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ዘፈኑ ወደ ማለቁ ሲል ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

1987 ላይ ሉድቪግ በዚህ ሥራ የሙልሃይምን የተውኔት ደራሲያን ሽልማት ወሰደ፤ 1988 ላይ ራይንሃርድ ሃውፍ ፊልም አደረገውና የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል የተከፈተው በእሱ ነው። በገዛ ቤቱ ብቻ ከ1,700 ጊዜ በላይ ታይቷል።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ)፦ ግንቡ ሲፈርስ ታዲያ አላረጀም?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ትርኢት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ ግንቡ ወደቀ። ብዙ ሰው "አበቃለት" ብሎ ነበር። እነሱ ግን ታሪኩን ላለመንካት ወሰኑ፤ ዛሬም የሚታየው የ1980ዎቹ ምዕራብ በርሊን ነው። ያኔ መስመሩ ሽሌዚሸስ ቶር ጣቢያ ላይ ይቆም ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ አገር ነዋ። 1995 ላይ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ተቀጠለ። ዛሬማ ዙ ጣቢያ ወርዳ መስመር 1ን ብትፈልግ አታገኘውም፤ መንገዱ ተቀይሯል። ወጣቶቹ ተመልካቾች ይህን አያውቁትም፣ ግድም የላቸውም። ብቻዋን ከተማ የገባች ልጅ ታሪክ ስለሆነ ይገባቸዋል። እኔ ውሳኔያቸውን እደግፋለሁ፤ ቢያዘምኑት ኖሮ በየአምስት ዓመቱ ይደበዝዝ ነበር።

ጥያቄ (ቴአትር ተማሪ፣ አዲስ አበባ)፦ ኮሪያም ሄዷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለእኔ ከጀርመኑ የበለጠ አስደናቂ ታሪክ የዚያኛው ነው። ኪም ሚንጊ የሚባል ዘፋኝና ደራሲ ነበር፤ "የንጋት ጤዛ" የተባለው ዘፈኑ በፓርክ ቹንግ ሂ አምባገነን ዘመን የታገደበት ሰው። 1991 ላይ ሴኡል ውስጥ ሃክቾን የሚባል ትንሽ ቴአትር ቤት ከፈተ፤ 1994 ላይ "መስመር 1"ን አቀረበ። ነገር ግን የበርሊኑን አልገለበጠም። ልጅቷን ከቻይናዋ ከያንቢየን የመጣች ኮሪያዊት አደረጋት፤ የምትፈልገውም ቃል የገባላትን ወንድ ነው። ባቡሩ የሴኡል መስመር 1 ሆነ፤ መበለቶቹ የጋንግናም፣ የሴኡል የሀብታሞች ሰፈር፣ እመቤቶች ሆኑ። በኋላ የ1997ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ አገሪቱን ሲመታ ሥራ ያጣው ሰው ሁሉ መድረኩ ላይ ራሱን አየ።

እስከ 2008 መጨረሻ 4,000 ጊዜ ታየ። በኋላ የኮሪያ ሲኒማ ዋና ዋና ፊቶች የሆኑት እነ ሶል ክዮንግ-ጉና ህዋንግ ጆንግ-ሚን በዚያ መድረክ አልፈዋል። ሉድቪግ ደግሞ የኪምን ሥራ እንደ ራሱ የቻለ ድርሰት ቆጠረውና ከ1,000ኛው ትርኢት በኋላ የደራሲ ክፍያ አልቀበልም አለ። ደራሲ ገንዘቡን እንዲህ ሲተው ስንቴ ሰምታችኋል? ሃክቾን መጋቢት 2024 ተዘጋ፤ ኪም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አረፈ።

ህንድ ውስጥም ፑኔ ከተማ ላይ ሞሃን አጋሼ የሚባል የአእምሮ ሐኪምና ተዋናይ ከ1986 ጀምሮ የግሪፕስን የልጆች ተውኔቶች ወደ ማራቲ ቋንቋ አምጥቷቸዋል። እዚያም እንደ ኮሪያው፦ ስም፣ ቤት፣ ምግብ፣ የእናት አነጋገር ሁሉ የአገሬው ሆኗል።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ስለ ናዚ ዘመን ለልጆች የሠሩት አለ? እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?

መልስ፦ አለ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ሳራ ነው" ይባላል፣ 1989። ርእሱ ከሕጉ የተወሰደ ነው፤ ከጥር 1939 ጀምሮ በጀርመን ያሉ አይሁዳውያት ሴቶች ስማቸው ላይ "ሳራ"፣ ወንዶቹ "እስራኤል" የሚል እንዲጨምሩ ተገደው ነበር። ታሪኩ የኢንገ ዶይችክሮን እውነተኛ ሕይወት ነው። በርሊን ውስጥ ከእናቷ ጋር ተደብቃ ከጦርነቱ ተረፈች። ከረዷት አንዱ ኦቶ ቫይት ነው፤ ዓይነ ስውራን አይሁድ የሚሠሩበት የመጥረጊያና ብሩሽ ወርክሾፕ ነበረው። ወርክሾፑ ሮዘንታለር ጎዳና ላይ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በርሊን ከመጡ ይግቡ፣ ትንሽ ናት።

ልጆቹን በሬሳ ክምር አያስደነግጡም። በአጫጭር ትዕይንት የአንዲት ልጅ ሕይወት እንዴት እየጠበበ እንደሄደ ያሳያሉ፤ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ነገ ሌላ ነገር። የበርሊን ልጅ ተመልካች የሚሰማው የጎዳና ስም ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እዚያ ላይ ነው የሚነካው። ዶይችክሮን ራሷ ለልምምዱ ከቴል አቪቭ መጥታ ነበር፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ከወጣት ተመልካቾች ጋር እየተቀመጠች ጥያቄያቸውን ትመልስ ነበር። 2022 ላይ በ99 ዓመቷ አረፈች።

ጥያቄ (ከሙኒክ)፦ ስለ እኛ ዓይነቱስ? ስለ ስደተኛ ልጅ?

መልስ፦ ከፓፓዳኪስ ጀምሮ አላቋረጡም። አንዱን ልንገርህ። 2004 ላይ የበርሊን ፖሊስ አንዲትን የቦስኒያ ስደተኛ ተማሪ ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ለማስወጣት ከክፍሏ ወሰዳት። የክፍል ጓደኞቿ ዝም አላሉም፤ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ሰልፍ ወጡ። ግሪፕስ ከስደተኞች መብት ተሟጋቾች ጋር ሆኖ ጉዳዩን 2005 ላይ "እዚሁ ትቆያለች" በሚል መንፈስ ተውኔት አደረገው። ስለ አንዲት ልጅ የተጀመረው ነገር መባረራቸው ለጊዜው ብቻ በታገደበት ወረቀት ለዓመታት ለሚኖሩ ሁሉ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ዘመቻ ዞረ። ያን ወረቀት በየሦስት ወሩ ለማሳደስ ወረፋ የጠበቀ ወላጅ መካከላችን አለ፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ምን እያሰበ እንደሚቀመጥ ላብራራላችሁ አያስፈልግም።

ጥያቄ (መምህሩ፣ ከደሴ)፦ አዲስ አበባም ቀላል ባቡር አላት። "መስመር 1" አማርኛ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሐሳቡ መጥቶብኛል፤ ሰሜን ደቡብ መስመሩ ላይ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ስንት ዓይነት ሰው ይሳፈራል! ግን ጀርመንኛውን መተርጎም አይበቃም። ከገጠር የመጣችዋ ልጅ የምታርፈው መናኸሪያ ነው፤ ይዛ የመጣችው የዘፋኝ ፎቶ ሳይሆን የደላላ ስልክ ቁጥር ሊሆን ይችላል። መበለቶቹን ማን እንደሚተካቸው ደግሞ ወስኖ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። አዲስ አበባ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ቤት አላት፤ ከተማሪዎችህ ጋር በአንድ ትዕይንት ጀምሩት። አንድ ፉርጎ፣ ስድስት ወንበር፣ በቃ።

ጥያቄ (እናት፣ ከሽቱትጋርት)፦ በዕረፍት ጊዜ በርሊን እንመጣለን። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጀርመንኛው ገና ነው። የትኛውን ላሳየው?

መልስ፦ እህቴ፣ "መስመር 1"ን አሁን ይተዉት፤ ለትልልቆቹ ነው፣ ይረዝምበታልም። ፕሮግራሙ ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ "ከ5 ዓመት በላይ"፣ "ከ8 ዓመት በላይ" እያለ ዕድሜ ይጻፋል፤ ያንን አይለፉት። ዘፈን የበዛበትንና ከ5 ወይም ከ6 ዓመት ጀምሮ የተባለውን ይምረጡ፤ ቋንቋው ቢያመልጠው ነገሩ አያመልጠውም። በሥራ ቀን ጠዋት ከሄዱ አዳራሹ የትምህርት ቤት ልጆች ነው፤ ጩኸቱ ለእርስዎ ይከብድ ይሆናል፣ ለእሱ ግን ግማሹ ደስታ እሱ ነው። ሁለት ቤት ስላላቸው ትኬቱ ላይ ሃንዛፕላትስ ይሁን ፖደቪል ማየትዎን አይርሱ፤ ሁለተኛው ክሎስተር ጎዳና ላይ፣ ሌላ ሰፈር ነው።