የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሶላር፣ ባትሪና የብድር ወረቀት

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቤት ሶላር ነበሩ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። ቤቱ ላይ ሶላርና ባትሪ አስገጥሞ ስቴቱ ካወጣው ገንዘብ የተወሰነውን መለሰለት። እዚህ ባሕር ዳር ለማን ባመለክት ነው የሚመለስልኝ? ካልሆነም «ባትሪውን ከዚህ ልላክልሽ» ይለኛል። (ወ/ሮ ስ.፣ ቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድምዎ ያገኙት በካሊፎርኒያ በፈረንጆች 2001 የተጀመረ ድጎማ ሳይሆን አይቀርም። ክፍያው የሚሰላው ባትሪው በሚይዘው ኪሎዋት ሰዓት ልክ ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና የሰደድ እሳት በሚያሰጋበት አካባቢ ለሚኖሩ ከፍ ይላል። ማመልከቻውን በአብዛኛው የሚያስተናግዱት የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎቹ ናቸው። ከዚህ ሌላ የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው 30 በመቶውን ከግብር ይቀንስ ነበር፤ እሱ ግን በፈረንጆች 2025 መጨረሻ አብቅቷል። ሁሉም ዕቃው ከተገጠመበት ቤት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ወደ ባሕር ዳር አይሻገርም።

በእኛ አገር የቤት ባለቤት ከፍሎ ኋላ ከመንግሥት የሚያስመልሰው ገንዘብ የለም። ለሶላር ዕቃ የሚደረገው የቀረጥ ቅናሽ ጉምሩክ ላይ ለአስመጪው ነው የሚሰጠው፤ ለእርስዎ የሚደርሰው በሱቁ ዋጋ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አይግዙ። ሁለተኛው መንገድ ብድር ነው፤ ከዚህ በታች ለአቶ መ. የሰጠነውን መልስ ይመልከቱ።

ባትሪውን ግን ወንድምዎ አይላኩት። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ በሻንጣም በእጅም አይያዝም፤ ለአንድ ቤት የሚሆነው ደግሞ 2,560 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በካርጎ እንኳ የሚጓዘው እንደ አደገኛ ዕቃ ተቆጥሮ ነው። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው) አብሮት የተሠራ የአሜሪካ ባትሪ የሚያወጣው 120 እና 240 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን ይላኩ፤ ዕቃ ካሉ ደግሞ የዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ኃይል) አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ገመዱን ዙሪያውን ታቅፎ የሚለካ መሣሪያ። ርካሾቹ ኤሲ (የመብራት መስመሩን ኃይል) ብቻ ስለሚለኩ ሲገዙ ይህን አይተው ይግዙ።

ጥያቄ፦ ለሶላር ብድር ስጠይቅ «ፕሮፎርማ አምጣ» ተባልሁ። ከሦስት ሱቅ ሦስት የማይመሳሰል ወረቀት አመጣሁ፤ አንዱ «1 ኪሎዋት ሲስተም»፣ አንዱ «3 ኪሎ ቪኤ»፣ አንዱ «ፉል ሴት» ይላል። የትኛውን ልያዝ? (አቶ መ.፣ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አንዱንም አይያዙ። «ፉል ሴት» በሚል ወረቀት የተበደረ ሰው ዕቃው ሲጎድል የሚከራከርበት ነገር የለውም። መጀመሪያ ሱቅ ሳይሄዱ የቤትዎን ፍጆታ ይጻፉ፦ ዕቃው፣ ዋቱ፣ በቀን የሚሠራበት ሰዓት። ባንኩም ሻጩም ኤሌክትሪሻኑም ከዚህ ወረቀት ነው መነሳት ያለባቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 9 ዋት 6 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 270 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በጋራ 80 ዋት፣ ለ5 ሰዓት 400። ዋይፋይ 10 ዋት ብቻ ነው፤ ግን ሌት ተቀን ስለማይጠፋ 240 ይደርሳል፣ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ስልክና ላፕቶፕ 200፣ ፍሪጅ 1,200። ድምሩ 2,310 ዋት ሰዓት ሆነ።

ከፓኔሉ የወጣው ሁሉ አምፖሉ ጋ አይደርስም። ኢንቨርተሩ፣ ባትሪው፣ ገመዱ፣ ሙቀቱና አቧራው ተባብረው ሲሶ ያህሉን ይበሉታል። ስለዚህ 2,310ን ለ0.7 ያካፍሉት፤ 3,300 ይመጣል። ባሕር ዳር በበጋ ፀሐይ አትነፍግም፤ ስሌቱ ግን መሠራት ያለበት በሐምሌና በነሐሴ ልክ ነው። ለነዚህ ወራት በቀን 4 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ይያዙ፣ ማለትም ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ እንደሠራ የሚቆጠርበት ሰዓት። 3,300 ለ4 ሲካፈል 825 ዋት ነው፤ ሁለት ባለ 450 ዋት ፓኔል ይበቃል፣ ሁለት ባለ 550 ከሆነ ደግሞ ለደመናማ ቀን ትርፍ አለው።

ባትሪ የሚሰላው ለሌሊቱ ነው። ከላይ ካለው ፍጆታ ማታና ሌሊት የሚውለው 1,600 ገደማ ነው፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲጨመር 1,800። ባለ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ትክክለኛ ቮልቱ 25.6 ስለሆነ 2,560 ይይዛል፣ 80 በመቶውን ቢጠቀሙ 2,048 ስለሆነ በቂ ነው። ጄል ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት በተከታታይ ማሰር ያስፈልጋል። ሲገዙት ጄሉ ይቀንሳል፤ እኛ ግን ፍሪጅ ላለው ቤት ሊትየሙን ነው የምንመርጠው። ምክንያቱን ከስር ስለ ጄል ከተጠየቀው ያገኙታል።

ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ (ሞገዱ እንደ መብራት መስመሩ የለሰለሰ) ይሁን፣ ከ1,500 ዋት አይነስ። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ጠባብ ከሆነ ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ቤቱ ጭልም ይላል።

ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው ግን ፓኔሉና ኢንቨርተሩ ሳይስማሙ ሲገዙ ነው። የባለ 550 ዋት ፓኔል ባዶ ቮልት ወደ 50 ይጠጋል፤ ከጀርባው ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሁለቱን በተከታታይ ሲያስሩ 100 ይደርሳል። ኢንቨርተሩ የሚችለው 100 ቮልት ብቻ ከሆነ አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ይበቃዋል፤ ፓኔል ሲበርደው ቮልቱ ስለሚጨምር እስከ 104 ይወጣና የኢንቨርተሩ የፓኔል መግቢያ ይቃጠላል። ዋስትናም ይህን አይሸፍንም። የተገላቢጦሹም አለ፦ ከ120 ቮልት ጀምሮ ብቻ የሚነቃ ኢንቨርተር አለ። ሁለቱ ፓኔሎች ሥራ ላይ ሆነው በጋራ የሚሰጡት 83 ገደማ ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንኳ ምንም አይሞላም። ሻጩም «ፓኔሉ ነው የተበላሸው» ይላል። ስለዚህ የኢንቨርተሩን ከፍተኛ ቮልትና የሚነቃበትን ቮልት በጽሑፍ ይጠይቁ። ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው) ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ዓይነት ባለ 550ውን ፓኔል ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ከሲሶ በላይ ኃይሉን ያባክነዋል።

አሁን ወደ ፕሮፎርማው ይመለሱ። የፓኔሉ ሞዴል፣ ዋትና ብዛት፣ የኢንቨርተሩ ሞዴል፣ የባትሪው ዓይነት፣ ቮልትና አምፔር ሰዓት፣ የእያንዳንዱ ዋስትና በወር ተለይቶ ይጻፍ። ትንንሾቹም አይቅሩ፦ የፓኔል ገመድ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ስንት ሜትር፣ የባትሪ ገመድ ባለ 25፣ ባትሪው አጠገብ የሚገባ የ100 አምፔር ፊውዝ፣ የዲሲ ብሬከር፣ የመብረቅ መከላከያ፣ የምድር ዘንግ፣ የማስገጠሚያ ዋጋ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እነዚህ ናቸው፤ ከዚያ ገጣሚው ያገኘውን የኤሲ ብሬከር ያስገባል። የኤሲ ብሬከር የዲሲን ብልጭታ አያጠፋውም፤ ውስጡ ነዶ ሳጥኑን ያቀጣጥላል። የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ቫት መካተቱ ወይም አለመካተቱ ይታይ፤ በኋላ 15 በመቶ ይጨመር ቢባል ብድሩ አይበቃዎትም።

ፀደይ ባንክም (የቀድሞው አብቁተ) ይሁን ሌላ አበዳሪ ሲሄዱ ከወለዱ መቶኛ በፊት አሰላሉን ይጠይቁ። ለምሳሌ 100,000 ብር በ18 በመቶ ለ24 ወር ተበደሩ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ በወር 4,992 ብር ገደማ ይከፍላሉ፣ ጠቅላላ ወለዱ 19,800 አካባቢ ነው። በመነሻው ብድር ላይ ከተሰላ ግን ወሩ 5,667፣ ወለዱ 36,000 ይሆናል። መቶኛው ያው 18 ነው።

ዕቃው ሲረከቡ የፓኔሎቹን፣ የኢንቨርተሩንና የባትሪውን መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ፎቶም ያንሱ።

ጥያቄ፦ የቆርቆሮዬ ሰፊው ጎን ወደ ሰሜን ነው የሚያዘነብለው። ሶላር ወደ ደቡብ መዞር አለበት ይሉኛል። (ከጊሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ምርጫ ካለ ደቡብ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ። ነገር ግን ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ራሷ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ዝቅ ያለ የሰሜን ጎን ብዙ አያስከፍልም፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ ግን ያስከፍላል። በተከታታይ ከታሰሩት አንዱ ፓኔል ላይ ጥላ ሲያርፍ ሌላውንም ይጎትተዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይነካውን ቦታ ይምረጡ። ብሎኑ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነላስቲኩ ይግባ፤ ገንዳው ላይ ከተበሳ ክረምት ውኃው ቤት ውስጥ ይገባል። ከቆርቆሮው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የአየር መተላለፊያ ይተዉ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዴን በሶላር ማሠራት እችላለሁ? (ወ/ሮ ት.)

መልስ፦ ይቻላል፣ አያዋጣም። 3,500 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት 5,250 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ከላይ ያሰላነው ቤት በሁለት ቀን የሚያጠፋው እንኳ ከዚህ ያነሰ ነው። በ24 ቮልት ባትሪ ላይ ከ145 አምፔር በላይ ይስባል። መብራት ሲመጣ ይጋግሩ፤ ምጣዱንም ካውያውንም ከኢንቨርተሩ መስመር ያስለዩ። አንዳንድ ሰው ደግሞ የኢንቨርተሩን ጫፍ ሶኬት ላይ ይሰካል። ይህን በፍጹም አያድርጉ፤ ኃይሉ በቆጣሪው ወደ ውጭ ወጥቶ መስመር የሚጠግን ሠራተኛ ይገድላል። መብራቱና ሶላሩ በቼንጅ ኦቨር (አንዱ ሲገባ ሌላውን የሚቆርጥ ማብሪያ) ይለያዩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጄል ባትሪ ነበረኝ። ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ ማታ 2 ሰዓት ላይ እያለቁ አስቸገሩኝ። ሻጩ «አጠቃቀምህ ነው» አለኝ። (አቶ ዳ.፣ ቀበሌ 16)

መልስ፦ ሻጩ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ጄል ባትሪን የሚገድለው መጠቀሙ ሳይሆን ሳይሞላ መክረሙ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ፓኔሉ ግማሹን ብቻ ይሞላል፣ ማታ ያው ፍጆታ ይወጣል፣ በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንታት ሲቆይ የእርሳሱ ሳህን ላይ ሰልፌት ይጋገርና ባትሪው ይጠብባል።

ለማረጋገጥ ሙሉ ቀን ይሙሉት፣ ከዚያ ከሁሉም ነቅለው ቢያንስ 6 ሰዓት ያሳርፉት። እያንዳንዱን ለየብቻ ይለኩ፦ 12.7 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ11.9 በታች ባዶ። አንዱ 12.7 ሌላው 12.1 ካለ ደካማው ሌላውን እየጎተተው ነው። አንዱን ብቻ በአዲስ አይተኩ፤ አዲሱም በወራት ውስጥ አሮጌውን ይመስላል።

ቀሪው ቅንብሩ ነው። በገበያችን ብዙ በሚታየው ዓይነት ኢንቨርተር ፕሮግራም 16 ባትሪውን ማን እንደሚሞላ ይወስናል። ገጣሚዎች «ወጪ ለመቆጠብ» ኦኤስኦ ላይ ይተዉታል፣ ማለትም ፀሐይ ብቻ። ክረምት ሲገባ ኤስኤንዩ ላይ ያድርጉት፤ ያኔ መብራት ሲኖር ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይሞላል። መስከረም ሲጠባ ይመልሱት። ጄልን ትተው ሊትየም ከገዙ ደግሞ የባትሪ ዓይነቱን በፕሮግራም 05 ሳይቀይሩ አያብሩ። ባለ 24 ቮልቱ ሊትየም እስከ 28.4 ቮልት ይሞላል፤ ለእርሳስ ባትሪ የሚደረገው «ኢኳላይዜሽን» ጠፍቶ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዘጌ ላይ ዓሣ እናወጣለን። ቀረሶውንና አምባዛውን ወደ ባሕር ዳር እስክናሻግር የምናቀዘቅዝበት የሶላር ፍሪዘር ስንት ኪሎ ይችላል? ሻጩ «200 ሊትር ነው፣ 100 ኪሎ ይይዛል» ይለናል። (የዓሣ አስጋሪዎች ቡድን)

መልስ፦ መያዝና ማቀዝቀዝ ይለያያሉ። የቀዘቀዘ 100 ኪሎ ሊይዝ ይችላል። ትኩስ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ተነስቶ ከዜሮ በታች 18 እስኪደርስ ግን በኪሎ 380 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ሊወጣለት ይገባል፤ 20 ኪሎ ሲሆን ይህ ለኮምፕረሰሩ 1,500 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፍሪዘሩ ለራሱ ሌላ 1,000 ይፈልጋል። 100 ዋት የሚስብ የዲሲ ኮምፕረሰር ሌት ተቀን ሳያርፍ ቢሠራ 2,400 ነው የሚወስደው። እንግዲህ በቀን ቢበዛ 20 ኪሎ ገደማ ጣሪያው ነው። 40 ኪሎ ካስገቡበት ፓኔል ቢጨምሩም መሃሉ ያለው ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ይሸታል።

ለ20 ኪሎ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔልና ባለ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ይበቃል። ሆድቃውን አውጥተው፣ በውኃ አጥበውና በስሱ ዘርግተው ጠዋት ያስገቡ፤ ከባዱን ሥራ ፀሐይ ትሥራው። በ1 ሊትር ውኃ 100 ግራም ጨው የተበጠበጠባቸው 10 የፕላስቲክ ጠርሙሶች ግድግዳው ጎን ይደርድሩ፣ እስከ አፋቸው አይሙሏቸው። ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ አካባቢ ስለሚረጉ ሌሊት ባትሪው ቢደክም ቅዝቃዜውን ይዘው ያቆዩታል፤ ከሁለተኛ ባትሪም ይረክሳሉ። ፓኔሎቹን በጀልባ ሲያሻግሩ በጎናቸው ያቁሟቸው። አጋድመው ዕቃ ከጫኑባቸው መስታወቱ ሳይሰበር ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከወራት በኋላ ኃይሉ ሲቀንስ ነው።