ሽንኩርት ያልሆነው ሽንኩርት

ልጆች፣ ጀርመን አገር ድሬስደን ውስጥ የተሰበረ ፖርስሊን፣ ማለትም ስስ ነጭ የሸክላ ዕቃ፣ ስጠግን ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራውን ለቅቄያለሁ። ዕቃ ላይ የተሳለ አበባና ፍሬ ምን ይላል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ስሙን ቶሎ አትመኑ።

ነጭ ሳህን ላይ በሰማያዊ የኮባልት ቀለም የተሳለውን፣ ድሬስደን አጠገብ ባለችው ማይሰን ከተማ የሚሠራውን «ሽንኩርት» ሳታዩት አትቀሩም። የማይሰን ፋብሪካ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ከ1740 አካባቢ ጀምሮ አለ። ጀማሪ ሳለሁ መዝገቡ ላይ «ሽንኩርት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሳህኑን ወደኔ አዙረው፣ «እስቲ ሽንኩርቱን አሳየኝ» አሉ። ማሳየት አቃተኝ።

ለካ ሥዕሉ ከቻይና ዕቃ የተቀዳ ነው። የቻይናው ሠዓሊ የሳለው ሮማንና ኮክ ነበር። ሮማን ውስጡ በፍሬ የተሞላ ስለሆነ ልጅ ይብዛላችሁ ማለት ነው። ኮክ ረጅም ዕድሜ ነው። ማይሰን ሲደርስ ቅርጹ ተለወጠ፤ ሰውም በሚያውቀው በሽንኩርት ጠራው። ያ ሁሉ ምርቃት እራት ገበታ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚሰማው ጠፋ። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በተቃራኒው፣ የሌለ ትርጉም አትጨምሩ። አበባው አጠገብ ቢራቢሮ ወይም ጥንዚዛ ስታዩ «ነፍስ ናት» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብሉት፤ በጣታችሁ ዳብሱት። የማይሰን ሠዓሊዎች እቶን ውስጥ የወጣን ጉድፍ በቢራቢሮና በጥንዚዛ ሥዕል ይሸፍኑ ነበር። ከክንፉ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ካገኛችሁ ገብቷችኋል።

የኮፐንሃገኑ ፍሎራ ዳኒካ ደግሞ ሌላ ነው። በ1790 የተጀመረ የገበታ ዕቃ ነው፤ የዴንማርክን ዕፅዋት ከዕፅዋት መጽሐፍ ላይ ገልብጠው ሳሉበት። አንዳንዱ ሥሩ ሳይቀር አለ። የላቲን ስሙ ከሳህኑ ጀርባ ተጽፏል። እዚህ ተክሉ ራሱን ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልጉበት።

ድሬስደን ከመጣችሁ ዝዊንገር የሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም ግቡ። የድሮው የአገሩ ገዢ ብርቱው አውግስጦስ የሰበሰበው የቻይናና የጃፓን ፖርስሊን ከማይሰኑ ጋር እዚያው አለ። እርሳስና ወረቀት ያዙ። መጀመሪያ ሮማኑን ከቻይናው ዕቃ ላይ ሳሉት። ከዚያ ወደ ማይሰኑ ሂዱና ያንኑ ፍሬ እንደገና ሳሉት፤ የቱ ጋ እንደተለወጠ እጃችሁ ያገኘዋል።