የማዘርቦርድ ባትሪ ስትቀይሪ ሴቲንጉ እንዳይጠፋብሽ

ሰላም እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት የጻፍሽውን አየሁት፣ የፎቶ ኮፒ ቤትሽ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ አስቸገረኝ፣ ባትሪውን ልቀይር ነው ሴቲንጉ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ጥገና ነው የምሠራው፣ ይሄ በየጊዜው ይመጣብናል፣ በተለይ መብራት ቶሎ ቶሎ ከሚጠፋበት ሰፈር፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱን የሚያስኬደው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ስታንድባይ (ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ገመዱ እስከተሰካ የሚመጣ ትንሽ ኃይል) ነው፣ ባትሪው የሚበላው መብራት ሲሄድ ወይ ደግሞ ማታ ዲቫይደሩን አጥፍተሽ ስትወጪ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ። የሚመለሰው ሰዓቱ ብቻ ነው ወይስ ሌላውም ሴቲንግ? ሌላውም ከጠፋ ባትሪው ሞቷል፣ የምታተርፊው ነገር የለም፣ ትክክለኛውን መልሰሽ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀርሽ። ሰዓቱ ብቻ ከሆነ ግን ባዮስ (ዊንዶው ሳይነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ግቢና (ስታስነሺው ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጫኚ) እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከሁሉም በላይ የሳታ ሞድ (ቦርዱ ሀርድ ዲስኩን የሚያነብበት መንገድ) የሚለውን እንዳትዘይው። አንድ ቢሮ ባትሪ አስቀይረው ዊንዶው አልነሳ ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ብቻ ሲያሳያቸው ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል ፎርማት ይደረግ ተብለው ይዘውልኝ መጡ፣ ስከፍተው ሞዱ ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ተቀይሯል፣ መለስኩት፣ ኤፍ10 ሴቭ፣ ዊንዶው ፋይላቸውን እንደያዘ ተነሳ። ስንቱ ሰው በዚች በአንዷ መስመር ዶክመንቱን እንዳጣ ሳስብ ያናድደኛል። ቢትሎከር (የዊንዶው ዲስክ መቆለፊያ) የበራበት ማሽን ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን ሪከቨሪ ኪ (መክፈቻ ቁጥሩን) ሳትይዢ ምንም አትንኪ።

ሶኬቱን ሳትነቅይ ቀይሪው የሚሉሽ አሉ። ውሸት አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ሻት ዳውን ሆኖ ገመዱ ከተሰካ ስታንድባዩ ሴቲንጉን ይይዘዋል። ግን ቦርዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፣ ባትሪው ብረት ነው፣ ከእጅሽ አምልጦ ቦርዱ ላይ ቢወድቅ ወይ መፍቻሽ ቢንሸራተት ሾርት አድርጎ ማዘርቦርዱን ይገድለዋል፣ ፎቶ ተነስቶ በደቂቃ ለሚመለስ ሴቲንግ ይሄን ሪስክ መውሰድ እኔ አልመክርሽም።

ስለዚህ ሶኬቱን ንቀይው፣ የኬዙን ብረት ነክተሽ የሰውነትሽን ቻርጅ አውጪ (የሱፍ ሹራብ ከለበስሽ አውልቂው)፣ ከዛ ጠርዙ ላይ ያለችውን የብረት ምላስ በጥፍርሽ ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጊያት ባትሪው ራሱ ብድግ ይላል። የፕላስ ጎኑ ወደ ላይ ነው። ስትገዢ ሲአር 2032 በይ፣ 3 ቮልት ነው፣ 2025 ከሰጡሽ አትቀበዪ፣ ስፋታቸው አንድ ነው ግን 2032 ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሲሆን ያኛው 2.5 ነው፣ ይላላል። ሱቁ መልቲሜትር ካለው አስለኪው፣ አዲስ ተብሎ ከ3 በታች የሚያሳይ ይሸጣል።

ከገባ በኋላ ባዮስ ገብተሽ ፎቶውን እያየሽ አስተካክዪ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 09:00 ነው የምትጽፊው፣ ዓመቱም የፈረንጁ ነው፣ የኛን ካስገባሽ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን ብሮውዘሩ ዌብሳይቶቹን ሴኩር አይደሉም እያለ አልከፍትም ይልሻል። ዊንዶው ላይ ታይም ዞኑ ናይሮቢ የሚለው ይሁን።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ ሰዓቱ አሁንም ከተመለሰ ሌላ ባትሪ አትግዢ፣ የባትሪው ቤት ምላስ ላልቶ ወይ ዝጎ እንደሆነ እዪ፣ ሲሞስ ክሊር የምታደርገዋ (የባዮሱን ሴቲንግ የምታጠፋው) ጃምፐርም፣ ቦርዱ ላይ ፒኖች ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ቆብ፣ በቦታዋ መሆኗን አረጋግጪ። ካልገባሽ የማዘርቦርዱን ሞዴል ከነፎቶው እዚሁ ለጥፊው አየዋለሁ።