ፕሪፎርም ከአሸዋ አይሠራም፤ የበብለሩም ቁጥር ጎንደር ላይ ሌላ ነው

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ሁለት ነገር ነው፦ የፋይበር ፕሪፎርም (ተስቦ የብርሃን ማስተላለፊያ ክር የሚሆነውን የመስታወት ዘንግ) ንጹሕ አሸዋ አቅልጦ መሥራት ይቻላል ወይ? መጽሐፍ ላይ ያለው የጋዝ ፍሰትስ ጎንደር ላይ እንዳለ ይሠራል ወይ? ሁለቱም አይሆንም።

አሸዋው ላይ ብዙ አልቆይም። ብረትና መዳብ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ቢገኙ እንኳ ብርሃኑን ይውጡታል፤ ምንም ቢታጠብ አሸዋ እዚያ ንጽሕና አይደርስም። ስለዚህ መስታወቱ ከትነት ይገነባል። ኦክስጅን በበብለር (ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ እየተንቦጫረቀ በሚያልፍበት ዕቃ) ውስጥ ባለ ፈሳሽ ሲሊከን ቴትራክሎራይድ ሲያልፍ ትነቱን ይዞ ይወጣል፤ የብረትና የመዳብ ክሎራይዶች በዚያ ሙቀት ስለማይተኑ እዚያው ይቀራሉ። ትነቱ ቶርኖ ላይ ወደሚሽከረከር የሲሊካ ቱቦ ይገባል። በርነሩ (የጋዝ እሳቱ) ከውጭ እየተጓዘ ሲያሞቀው ነጭ ጥላሸት ከበርነሩ ቀድሞ ውስጡ ያርፋል፤ በርነሩ ሲደርስበት ጠርቶ መስታወት ይሆናል። መጀመሪያ ክላዲንጉ (የውጭው ሽፋን)፣ ቀጥሎ ጀርማኒየም ያለበት ኮር (ብርሃኑ የሚሄድበት መሐል) ይደረባል፤ በመጨረሻ ቱቦው ከ2000 ዲግሪ በላይ ሞቆ ድፍን ዘንግ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦ ሲደፈን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ የዚህ 1 ሜትሩ በ125 ማይክሮን ሲሳብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ፋይበር ነው። ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር አንድ ክር ብቻ ለመዘርጋት ከ10 ያላነሰ ዘንግ ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው። የሲሊከን ቴትራክሎራይድ የትነት ግፊት በ20 ዲግሪ 26 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ስለሆነ 1 ሊትር ኦክስጅን 0.35 ሊትር ትነት ይዞ ይሄዳል (26 ለ75፤ 75 ማለት 101 ሲቀነስ 26 ነው)። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ወደ 78 ነው፤ ስለዚህ 26 ለ52፣ ማለትም 0.5 ሊትር ይሆናል። ጀርማኒየም ቴትራክሎራይድም ይጨምራል፣ የትነት ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ጭማሪው ያንሳል። ስለዚህ ንብርብሩ ይወፍራል፣ የኮሩ ጀርማኒየም ድርሻ ደግሞ ይቀንሳል። የወፈረው ንብርብር በለመደው የበርነር ፍጥነት ስለማይጠራ አረፋ ያስቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በርነሩን ይወቅሳል፤ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ፍሰቱ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከበብለሩ በኋላ ግፊት መቆጣጠሪያ ገጥሞ ውስጡን 101 ላይ መያዝ፣ አለዚያ ፍሰቱን እንደገና ማስላት። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የሁለቱን ኬሚካል ምጣኔ አያዛባም። ከበብለሩ እስከ ቱቦው ያለው መስመርም ከበብለሩ ይሙቅ፤ በጎንደር የጠዋት ብርድ ትነቱ መንገድ ላይ ፈሳሽ ይሆንና ፍሰቱ ይቆራረጣል።

የኮሩ መሐል ጎድጎድ ብሎ ከታየህ በመድፈኑ ጊዜ ጀርማኒየም ተንኗል፤ በዚያ ሰዓት ጥቂት የጀርማኒየም ትነት መላክ ይረዳል። 1383 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የብርሃን ብክነቱ ከዘለለ ደግሞ እርጥበት ገብቷል፤ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሽ። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ስላለበት በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ሳይታጠብ እንዳይለቀቅ።

ስሌትህን ለማረጋገጥ በብለሩን በሚዛን ላይ አስቀምጥ። በብለሩ 20 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ በደቂቃ 1 ሊትር ኦክስጅን (ሊትሩ በ0 ዲግሪና በ101 ኪሎ ፓስካል የሚሰላው) ለ10 ደቂቃ ስትለቅ 26 ግራም ገደማ ከቀነሰ ግፊቱ ተይዟል፤ 38 ከቀነሰ መቆጣጠሪያው አልሠራም።