የካቲት ገብቶም ጂማ ለምን ይበርዳል? ለጠያቂው ወንድማችን

«ጥር አለቀ፣ የካቲት ገባ፣ ብርዱ ግን ከሰፈራችን አልወጣም። የሰሜን ዋልታ ብርድ ደረሰብን እንዴ? ስልኬ 12 ዲግሪ ይላል፣ እኔ በሁለት ብርድ ልብስ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። የቡና ችግኝ አለኝ፣ ልሸፍነው?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁ። ከሥሩ የተጻፈው መልስ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከዩቲዩብ የተለቀመ። እኔ እዚሁ ጂማ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከዋልታው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስን ያሽመደመደው፣ በ2018 የካቲት መጨረሻም አውሮፓን የመታው ብርድ እውነትም ከላይ ከሰሜን የወረደ ነው። በሁለቱም ጊዜ ከምድር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዋልታው ዙሪያ የሚሽከረከረው ነፋስ ቀደም ብሎ ተናግቶ ነበር። ጂማ ግን ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳን አትርቅም። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በዓረቢያ በኩል የሚነፍሰው አየር እኛ ጋ እስኪደርስ በረሃ አቋርጦ ይሞቃል። ይዞልን የሚመጣው ብርድ ሳይሆን ድርቀት ነው። ብርዱ የሚሠራው እዚሁ ነው፣ በየሌሊቱ።

እንዴት ብትል፣ መሬት ቀን ከፀሐይ የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ፣ አየሩም እርጥበት ከያዘ፣ ብዙውን መልሰው ወደ ታች ይልኩታል። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ አየሩ ከደረቀ፣ ነፋስም ከሌለ ግን የሚይዘው የለም፣ በቃ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቀን 28 ዲግሪ ሲያቃጥለን ውሎ ሌሊት ከ10 በታች የሚወርደው። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ እንውላለን፣ ሌሊቱ ግን እንዲህ አያንዘፈዝፍም።

ታዲያ የካቲት ላይ ምን ሆነ? በሜትሮሎጂው አከፋፈል በጋ እስከ ጥር ነው፣ ከየካቲት ጀምሮ በልግ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰሞን ከደቡብ በኩል እርጥብ አየር መግባት ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ይቋጠራል፣ አንዳንዴም ያካፋል፣ ሌሊቱም ወዲያው ለስለስ ይላል። ዘንድሮ እሱ ዘገየ። ሰማዩ የታኅሣሥ ሰማይ ሆኖ ቀረ፣ ሌሊቱም የታኅሣሥ ሌሊት። ብርዱ የቆየው ደመናው ስለቀረ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ታይቶ አይታወቅም» የምትሉ ሰዎች ግን ትንሽ ቀስ በሉ። በሙያው የተለመደ የሚባለው የ30 ዓመት አማካይ ነው፣ አሁን የሚሠራበትም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። በእኔ ደብተር የዘንድሮው የካቲት መጀመሪያ ከቀዝቃዞቹ መሀል ይገባል። ከዚህ የባሰ ሌሊት ግን ታኅሣሥ ላይ ስንት ጊዜ አይተናል።

አሁን ወደ ሰፈርህ። ቦዬ ረግረጉ አካባቢ ነኝ ብለሃል። ወንድሜ፣ እዚያ ነው ችግርህ! ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። በስሌት ከሄድን 1000 ሜትር ስትወጣ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጅሬን ኮረብታ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ፣ ከከተማው በላይ መብረድ ነበረበት። ቀን እውነት ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ግን ይገለበጣል፤ ጅሬን ያደረ ሰው ከአዌቱ ወንዝ ዳር ካደረው ይልቅ ሞቆት ያድራል። በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በማለዳ ከፍታ ላይ ቁም። ጭሱ ትንሽ ከፍ ይልና ሞቃቱ አየር ሲያጋጥመው መውጣት አቅቶት ጎን ለጎን ይተኛል። ከዚያ ሽፋን በታች ያለው ሁሉ የብርዱ ግዛት ነው፣ አንተም እዚያው ውስጥ ነህ።

ስልክህ 12 ማለቱ አይግረምህ። አፑ ግቢህ ውስጥ ቴርሞሜትር የለውም፣ ኪሎ ሜትሮች ለሚሸፍን ቦታ በኮምፒውተር የተሰላ ቁጥር ነው የሚነግርህ፣ ኮረብታና ሸለቆውን አንድ ላይ ጨፍልቆ። ቴርሞሜትር ግዛና ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ አድርገህ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ስቀል። ግድግዳ ላይ ከለጠፍከው ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ነው የሚያነብልህ። ሰዓቱም አለ። ብዙ ሰው ውድቅት ላይ ነው የሚለካው፣ ትክክለኛው ዝቅተኛ ግን ፀሐይ እንደወጣች ያለው ነው። እኛ ምዕራብ ስለሆንን ፀሐይ ከድሬዳዋ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣልናለች፣ በዚህ ሰሞን 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተመልከት።

ማታውኑ የሌሊቱን ብርድ መገመት የምትችልበት ነገር ደግሞ አለ፣ እኔ ከማንኛውም አፕ በላይ የማምነው። ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ስቀል፣ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልል። ማታ 2 ሰዓት ላይ በማራገቢያ አናፍስና ሁለቱን አንብብ። ልዩነታቸው 2 ዲግሪ ገደማ ከሆነ አየሩ እርጥብ ነው፣ ቶሎ ጤዛ ይጥላል፣ ጤዛ ሲፈጠር ደግሞ ሙቀት ስለሚለቅ መውረዱ ይቆማል ማለት ይቻላል። 6ና 7 ከሆነ ግን አየሩ ደርቋል፣ ያ ሌሊት ሩቅ ይወርዳል፣ ጋቢ ደርብ።

ቤትህ ቆርቆሮው ብቻ ነው ወይስ ኮርኒስ አለው? ቆርቆሮ ሌሊት ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት የሚያንጠባጥበውም ለዚህ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ያ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ በቀጥታ በላይህ አለ፣ ስለዚህ አየሩ 12 ቢሆንም ሰውነትህ ከዚያ በታች ይሰማዋል። ማዳበሪያ ከረጢትም ቢሆን ወጥረህ ሥራ፣ ለውጡን ታየዋለህ። ከሰል ግን አስገብተህ እንዳትተኛ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም መርዙ አለ፣ አይሸትም፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በዚህ አልቀልድም።

ስለ ችግኙ፦ አዎ ሸፍነው። ያደገውና በዋንዛ፣ በሰሳ ወይም በብርብራ ጥላ ሥር ያለው ቡና ብዙም አያሳስበኝም፣ ጥላው ቀን ከፀሐይ እንደሚከልለው ሌሊትም መሬቱ የሚለቀውን ሙቀት ይይዝለታል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ውርጭ የፓራና ግዛትን ቡና ሲያወድምና ዋጋው ዓለም ላይ ሲሰቀል፣ አብዛኛው ቡና ያለ ጥላ ሜዳ ላይ የተተከለ ነበር። የአንተ ችግኝ ሸለቆ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ከሆነ ከዚያ ቡና ጋር አንድ ነው፣ ያውም ለጋ። በቁመትህ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ሲል ሣሩ ላይ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል አትርሳ። ከላይ የሚከልለውን ዳስ መልስበት፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ አጠጣው፤ እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ይሰጣል። ደረቅ ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ሣር ወይም ቅጠል) ካለው ደግሞ ማታ ገለጥ አድርገው፣ ምክንያቱም የአፈሩን ሙቀት ከታች አፍኖ ቅጠሉን ለብርድ ይተወዋል። ይህን ብዙ ሰው አይሰማኝም፣ ጉዝጓዝ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብሎ ይከራከረኛል። ለእርጥበት ጥሩ ነው፣ ለውርጭ ሌሊት አይደለም።

መቼ ይለቀናል ላልከው፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ፣ በጌራና በጎማ በኩል ደመና መቆለል ሲጀምር፣ ማታም የሁለቱ ቴርሞሜትሮች ልዩነት ቀን በቀን እየጠበበ ሲሄድ። ያ በተከታታይ ካልታየህ ዳሱን አታንሣ።