በሉላዊነት ዘመን ክርስቲያን ማንነቱን እንዴት ይጠብቅ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሥራዬ በኢንተርኔት አማካይነት ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጋር የሚያውለኝ ነው። ከጊዜ በኋላ አለባበሴም፣ የምሰማው ሙዚቃም፣ ቀልዴም ሳይቀር የእነርሱ እየሆነ መጥቷል። አባቴ «ማንነትህን ጥለሃል» እያለ ያዝንብኛል፤ እኔም ለጸሎት ስቆም ራሴ ለራሴ እንግዳ እሆንበታለሁ። የሌሎችን ባህል መውሰድ ኃጢአት ነውን?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። የሌላውን ሕዝብ ቋንቋ፣ ልብስ ወይም ዕውቀት መውሰድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው የወሰድነው ነገር በልባችን የእግዚአብሔርን ቦታ ሲይዝ ወይም ባልንጀራችንን እንድንንቅ ሲያደርገን ነው፤ ይህ ደግሞ ከውጭ በመጣው ብቻ ሳይሆን ከአያቶቻችን በወረስነውም ሊደርስብን ይችላል።

ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ አንተ በፈቃድህ የገባህበት ነገር በግድ ደርሶባቸው ነበር። ንጉሡ ናቡከደነፆር 3 ዓመት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ፣ ከማዕዱም እንዲበሉ አዘዘ፤ ስማቸውም ተለውጦ ዳንኤል ብልጣሶር፣ አናንያ ሲድራቅ፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ አብደናጎ ተባሉ። ትምህርቱን ተማሩ፣ ኋላም ሹመቱን ተቀበሉ፤ እግዚአብሔር ራሱ በትምህርትና በጥበብ ሁሉ ዕውቀትን እንደ ሰጣቸው ተጽፏል። ዳንኤል እምቢ ያለው በማዕዱ ላይ ነው፤ እንዳይረክስ አስቀድሞ በልቡ ቆርጦ ነበርና። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የእምቢታው ጨዋነት ነው፦ ባቢሎናውያንን አልሰደበም፣ ለ10 ቀን ብቻ እንዲፈትኗቸው ጠባቂያቸውን ለመነ እንጂ።

ያው ንጉሥ በኋላ ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቁሞ፣ ከየወገኑና ከየቋንቋው የተሰበሰቡት ሁሉ የመለከቱንና የእንቢልታውን፣ የመሰንቆውንና የክራሩን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ተደፍተው እንዲሰግዱ አዋጅ አስነገረ። የሉላዊነትን አደጋ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ የመጽሐፍ ክፍል ያለ አይመስለኝም። ሙዚቃው ክፉ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ሜዳ መገናኘታቸውም ክፉ አልነበረም። ክፋቱ ያ ሁሉ ሕዝብ ድምፁን እንደ ሰማ ለምስሉ መስገዱ ነበር። ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ስማቸው እየተጠሩ፣ በባቢሎን ሹመት ላይ ሳሉ፣ አልሰገዱም።

በግሪኮች ንጉሥ በታላቁ እስክንድር ድል የግሪክ ቋንቋና ልማድ ሲስፋፋም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ዕብራይስጥን እየረሱ የሄዱት በግብፅ የነበሩት አይሁድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ሕገ ኦሪትን በእስክንድርያ ወደ ግሪክኛ አስተረጎሙ፤ የሌሎቹም መጻሕፍት ትርጉም ተከተለ፤ ሐዋርያትም አሕዛብን ሲያስተምሩ በዚሁ ትርጉም ተጠቅመዋል። ይሁዳን ይገዛ የነበረው የሶርያ ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንስ ግን፣ እርሱም የግሪክ ልማድ ተከታይ ሆኖ፣ ከልደት በፊት በ167 ዓመት የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፣ ሰንበትንና ግዝረትን ከለከለ። ስለዚህ «የውጭ ነው» ብሎ በጅምላ መኮነንም ሆነ «ዘመናዊ ነው» ብሎ በጅምላ መቀበል ከማስተዋል መሸሽ ነው።

የእኛን ዘመን የሚለየው አዋጅ ነጋሪው አለመታየቱ ነው። ማለዳ ስትነቃ እጅህ መጀመሪያ ወደ ምን እንደሚዘረጋ ልብ በል። በስልክህ የሚቀርብልህ ቪዲዮ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ትናንት ዓይንህ በምን ላይ እንደ ቆየ የመዘገበ ሥርዓት ዛሬም እንድትቆይ አስልቶ የመረጠልህ ነው። በዚያ ለሰዓታት ስትቆይ የትኛው መልክ ውብ፣ የትኛው ኑሮ ስኬት፣ የትኛው ሰው መሳቂያ እንደሆነ ማንም ሳያስተምርህ ትማራለህ። በጸሎት ጊዜ የሚሰማህ እንግድነት ከልብስህ ሳይሆን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ሌላ ሲመኝ የዋለ ልብ ማታ «ፈቃድህ ይሁን» ለማለት ይቸገራልና።

አባትህ ባህልንና እምነትን አንድ አድርጎ አይቶ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም በተሰበሰቡ ጊዜ ከአሕዛብ ያመኑት እንዲገረዙ ቀንበር አልጫኑባቸውም፤ ለጣዖት ከተሠዋና ከዝሙት እንዲርቁ ግን አዘዋል። ቢሆንም ኀዘኑን አትናቅ። በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሕዝቡ ሁሉ የሰማው በየተወለደበት ቋንቋ ነው፤ ዮሐንስም በራእዩ ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ የተዋጁትን በዙፋኑ ፊት ቆመው አይቷቸዋል። ዘመናዊ ለመባል በእናቱ ቋንቋና በወላጆቹ ኑሮ የሚያፍር ሰው እግዚአብሔር የሰጠውን ስጦታ እያቃለለ ነው፤ አንተም በዚህ ራስህን መርምር።

ዳንኤል በባዕድ አገር በቀን 3 ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር። አንተም ስልክህን በሌላ ክፍል ትተህ የምትቆምበት የማይለወጥ የጸሎት ሰዓት ይኑርህ፤ ከማለዳው ጸሎትም በፊት አትክፈተው። የማታልፈውን ወሰን ባልደረቦችህ ሳይጋብዙህ፣ ፈተናው ሳይመጣ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካክረህ ወስን። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች ቤት እንዲሠሩ፣ ስለሚኖሩባትም ከተማ እንዲጸልዩ ጽፎላቸው ነበርና፣ አብረውህ ስለሚሠሩት ሰዎች ለአባትህ በደንብ ንገረው፤ ስለ እነርሱም አብራችሁ ጸልዩ።